የአመዱ ቤት

ትልልቅ ሰዎች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ካላያችሁ ምንም አላያችሁም። እኔ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ አሶሳ፣ በእኛና በእነ ሪም ግቢ ውስጥ፣ አባቴ በሌለ በር ሲገባ፣ እናቴ በሌለ ምድጃ ላይ ድስት ስትጥድ፣ የሪም አባት ደግሞ የሌለ መስኮት ከፍቶ «እፎይ፣ ነፋስ ገባ!» ሲል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አባቴ ዳበሳ ልብስ ሰፊ ነው። ከእናቴ ከወርቂቱ ጋር ከወለጋ መጥተው አሶሳ ሲከትሙ የመጀመሪያ ጎረቤታቸው የሪም ቤተሰብ ሆነ። የሪም አባት አጣሂር የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ሰሊጥ ይነግዳል። ቁመቱ ለጉድ ነው፤ በየትኛውም በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሚስቱ እትዬ ሲትና ደግሞ አጠር ብላ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። «አንተ ሀዊ፣ ና ብላ!» ትለኛለች። በእሷ አማርኛ ውስጥ ሴት የሚባል ነገር የለም። እኔ ወንድ ነኝ፣ ሪም ወንድ ናት፣ እናቴ ወንድ ናት፣ እንቁላል የምትጥለው ዶሮዋ ሳትቀር ወንድ ናት። እኔ እወደው ነበር፤ «ና» ስትለኝ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

በሁለቱ ግቢዎች መካከል የሽመል አጥር ነበር። እኔና ሪም የምንሾልክበት ቀዳዳ አለው። አባቶቻችን ይደፍኑታል፣ እኛ እንከፍተዋለን፤ ኑሯችን እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አጥሩ የለም። አባቴና አጣሂር ላባቸው ጠብ እያለ ሽመሉን እየነቀሉ ይከምራሉ።

«ተጣሉ!» አልኳት ሪምን።

«በምን አወቅሽ?»

«አጥራቸውን እኮ አፈረሱ። የሚዋደድ ሰው አጥር ያፈርሳል?»

ሪም አሰበችና «እውነትሽን ነው» አለች። እኔ ያልኳትን ሁሉ ታምነኝ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሰው ከየት ይገኛል።

ነገሩ ሌላ ነበር። ከፊት ለፊታችን የሚያልፈው መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ ከሁለቱም ግቢ ፊት ፊቱ ተቆረጠ። የቀረው ቦታ ለየብቻው ሲታይ ቤት የማይወጣው ቀጭን መሬት ሆነ። ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ምርጫ ተሰጣቸው። ወይ አንደኛው ቤተሰብ ከተማው ዳር፣ በባምባሲ መውጫ በኩል ምትክ ቦታ ወስዶ ይነሳል፤ ወይም ሁለቱ ተስማምተው አንድ ግድግዳ እየተጋሩ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ለሁለተኛው ግን ሁለቱንም ቤተሰብ የሚያኖር ፕላን ዝናብ ሳይገባ መቅረብ አለበት።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አባቴ በራት ላይ ያላትን ብቻ ነው። «ካልበቃን የምንነሳው እኛ ነን። አጣሂር እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ እኔ ትናንት የመጣሁ።»  እኔ ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ባምባሲ መውጫ ማለት ለኔ የዓለም ጫፍ ነበር። እዚያ ሪም የለችም።

ፕላኑን የሚሠራው አጎቴ ቦዔዝ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ንድፍ ተምሮ ገና መመረቁ ነበር፤ ጢም ለማብቀልም ትግል ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ፕላን ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አባቴ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለ፣ ሳያየው። አጣሂር ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ሲትና ወረቀቱን ወደዚህ አዞረችው፣ ወደዚያ አዞረችው፣ ከሥሩም ገልጣ አየች።

«ቤቱ የታል?» አለች።

ቦዔዝ ጢሙን ነካካ። ከዚያ መንገዱ ማዶ ወዳለው ዳቦ ቤት ሄዶ አንድ ጆንያ አመድ ተሸክሞ መጣ። በካስማና በሲባጎ እየለካ፣ በሲባጎው ላይ አመድ በጣሳ እያፈሰሰ፣ ያንን ወረቀት በልኩ መሬት ላይ አወረደው። ሁለት ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ሁለት ጓዳ፣ ለአጣሂር አንድ መጋዘን፣ መሐላቸው አንድ ግድግዳ። ለበር ክፍት ተወላቸው።

«በሉ ግቡ» አለ። «ቤታችሁን በእግራችሁ እዩት።»

ጨዋታው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። እኔና ሪም ዓይናችንን ማመን አቃተን፤ የኛን ጨዋታ እኮ ነው የወሰዱት! የዕቃ ዕቃን ሕግ ደግሞ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። አባቴ መስመሩን ተራምዶ ሳሎን ሲገባ አብረን ጮህን።

«አባዬ! በግድግዳ ገባህ!»

አባቴ ደነገጠ። ወደ ኋላ ተመልሶ በሩ ጋ ቆመ፣ አየሩን በጣቱ መታ፣ በአፉ «ኳ ኳ» አለ፣ ገባ። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁማቸው። አጣሂር የኛን በር አንኳኩቶ «አሰላሙ አለይኩም!» ሲል አባቴ የቤተክርስቲያን ዘማሪው «ወአለይኩም ሰላም! ግባ፣ ግን ራስህን ጠብቅ፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው» ይለዋል። አጣሂርም ከምንም በታች ጎንበስ ብሎ ይገባል። እትዬ ሲትና ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በየቀኑ ፀሐይ በረድ ስትል ከጨዋታው ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። አልጋ ከቤት ወጥቶ አመዱ ላይ ተዘረጋ፤ ሰው ተኛበት፣ በሩ ሲከፈት አልጋው ይነካው እንደሆነ ታየ። የአባቴ የስፌት መኪና ወጥታ ብርሃን የሚያገኛት ጥግ ተፈለገላት። በአጣሂር ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ከርከዴ ስንጠጣ እግሩ መስመሩን አልፎ መንገዱ ላይ ተዘረጋ።

«አጣሂር፣ እግርህን ሰብስብ እንጂ፣ አይሱዙ ይሄድበታል!» አለ አባቴ።

ቦዔዝ ሳሎኑን ትንሽ ገፋ አደረገው። አጣሂር በሌላው ሁሉ እሺ ባይ ነበር፤ በአንድ ነገር ግን አይቻልም። ከኛ መኝታ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ክፍል የሰሊጥ መጋዘኑ ነው። «መኝታ ይጥበብ፣ ተማም። ሳሎን ይጥበብ፣ ተማም። መጋዘን አይጠብም! ሰሊጥ መተንፈስ አለበት፣ ወላሂ!» ይልና ረጅም እጆቹን ዘርግቶ መሐሉ ይቆማል። ቦዔዝ መጥረጊያውን ይዞ ወደዚያ መስመር ሲጠጋ አጣሂር አብሮት ይጠጋል።

እኔና ሪም የመስመር ዘበኞች ሆንን። ፍየል እናባርራለን፣ ዶሮ እናባርራለን። በዕቃ ዕቃ ሕግ መስመር ያጠፋ ከጨዋታ ይወጣል፤ የወጣ ደግሞ ባምባሲ መውጫ ይሄዳል ማለት ነው ብለን ተማምለናል። ስለዚህ ማንም ምንም እንዳያጠፋ!

አንድ ቀን እናቴ ቦዔዝን ይዛ የአመዱ መኝታ ቤት ገባች። በሩን «ዘጋች»። እኔ ሳሎን ነበርኩ፤ በመሐላችን ያለው ደግሞ የአመድ መስመር ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

«እዚህ ጥግ ትንሽ አልጋ ይገባል?» አለችው።

«ለማን?»

«ለአራተኛ ሰው።»

ቦዔዝ ጣሳው ከእጁ ሊወድቅበት ነበር። «ወርቄ! የምርሽን ነው?»

«ድምፅህን ቀንስ!»

መሬቱን በክንዱ ለካ፣ ደግሞ ለካ። «አይገባም። ከመጋዘኑ በኩል ትንሽ ቢገፋ ነበር፣ ግን አጣሂርን ታውቂዋለሽ።»

«በል ተወው። ለዳበሳ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ቤቱ አይበቃንም ካልነው ነገውኑ ምትክ ቦታው ላይ ይፈርማል። ሰው ማስቸገር ሞቱ ነው።»

አራተኛው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙም አልተቸገርኩም። የጊምቢዋ አክስቴ ናት። ስታንኮራፋ ጣሪያ ታነሳለች፤ እናቴም የደበቀቻት ለዚህ ነው አልኩ።

በማግስቱ እትዬ ሲትና ገንፎ በባሚያ ሠርታ መጣች። እናቴ የሷ ባሚያ ከተገኘ ሳህን የምትልስ ሰው ናት። ያን ቀን ግን ሽታው ሲደርስ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ተነሣች፣ በበሩ እንኳ ሳትዞር ወደ ማንጎው ዛፍ ሮጠች።

«እማዬ! በግድግዳ ወጣሽ!»

ዘወር ብላም አላየችኝ። እትዬ ሲትና ሳህኑን አየች፣ የእናቴን ጀርባ አየች፣ ዝም አለች። ሲትና ዝም ስትል ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ከዚያ ገንፎውን ይዛ ሄደችና ያልበሰለ ማንጎ ከትፋ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳበት ተመለሰች። እናቴ አንዲት ሳታስቀር በላችው።

ከሪም ጋር ሸንጎ ተቀመጥን። ነገሩ ግልጽ ነበር። እናቴ የሲትናን ምግብ ናቀች፤ ሲትና ተናዳ ጥሬ ማንጎ ሰጠቻት፤ እናቴም እልህ ይዟት በላችው። «አሁን ሊጣሉ ነው» አልኩ። ሪም አለቀሰች።

ጠዋት ዶሮዎቹ ሳይቀድሙኝ ብዬ ማልጄ ወጣሁ። እትዬ ሲትና ቀድማኛለች። በኛ መኝታና በመጋዘኑ መካከል ቁጢጥ ብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ መስመሩን በመጥረጊያ እያጠፋች ሌላ በጣሳ ታፈሳለች። እጇ እስከ ክርኗ አመድ ነው።

ዓለም ተገለባበጠብኝ። የምወዳት ሲትና! «አንተ ሀዊ» የምትለኝ!

«ኑ!» ብዬ ጮህኩ። «ኑ! እትዬ ሲትና መስመር አጠፋች! ልታስነሳን ነው!»

አባቴ አንድ ጫማ አድርጎ ወጣ። አጣሂር ሽርጡን እየቋጠረ፣ ቦዔዝ ዓይኑን እያሸ፣ እናቴ ነጠላዋን እየሳበች መጡ። ሁሉም መስመሩን አዩ። ሲትና አፍራ ፈገግ አለች። ሪም ከኋላዬ መጥታ በጡጫ ደለቀችኝ፤ «እናቴ ሌባ አይደለችም!» እኔም መለስኩላት፣ ተናነቅን፣ ከዚያ እያለቀስኩ ማንጎው ላይ ወጣሁ።

ከዛፉ ላይ ሆኜ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ሲትና ጥቂት ነገር ተናገረች። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አጣሂር ተራምዶ መጋዘኑ ውስጥ ቆመ። አሁን ይቆጣታል፣ መስመራችንን ይመልስልናል ብዬ ስጠብቅ፣ ጣሳውን ከሚስቱ ተቀበለና የሷን መስመር በጫማው አጥፍቶ ከዚያ አርቆ ሌላ አሰመረ። የሚስቱ ስርቆት አንሶት እሱ ጨመረበት! አባቴ ደግሞ ቁጭ አለ፣ ግድግዳው ላይ፣ እፍኝ አመድ ይዞ። ማንም «ግድግዳ ላይ ተቀመጥክ» አላለውም። ቀጥሎ የሲትና እልልታ ቀለጠ። እናቴም እልል አለች፤ አባቴ ብድግ ብሎ አጣሂርን አቀፈው። የተዘረፈ ሰው እልል ይላል? ሌባ ይታቀፋል? ሁሉም አብደዋል ብዬ እዚያው ዛፉ ላይ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ፕላኑ አለፈ፤ ማንም አልተነሳም። ግንበኞቹ አመዱን ተከትለው ሠሩ፤ የጋራው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይመጣና መኝታችን ጋ ሲደርስ እጥፍ ይላል። ከእነ ሪም መጋዘን ሆናችሁ ስታዩት እንደ ሳጥን ጎልቶ የወጣ ነው። እኔም፣ ጎልቶ የወጣ ነገር ያለው ሰው ትርፍ ያገኘ ስለሚመስለኝ፣ «የተሰረቅነው ጥግ» እለው ነበር። በኛ በኩል መጋረጃ ተጋርዶበት የወንድሜ አልጋ ገባበት። አዎ፣ ወንድም መጣልኝ፤ ገመቹ ተባለ። ከየት መጣ፣ ለምን እዚያ ተኛ ብዬ አልጠየቅኩም። የጊምቢዋ አክስቴ ሳትመጣ በመቅረቷ ብቻ ደስ ብሎኛል።

ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ስማር፣ ለዕረፍት ስንሄድ አንድ ቤት ለክታችሁ ሳሉ ተባልን። የኛን ለካሁ፤ የእነ ሪምንም ለካሁ። ወረቀቱ ላይ ሳወርደው ያ እጥፋት ወደ ማን እንደገባ ታየኝ። ደግሜ ለካሁ። እርሳሴን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ።

«እማዬ፣ ይሄ ግድግዳ እኮ እነሱ ውስጥ ነው የገባው!»

«እና የት ሊገባ ኖሯል?» አለችኝና ያን ጠዋት ከዛፉ ላይ ያልሰማሁትን ነገረችኝ። ሲትና ያለችው ይህን ነው፦ «ይሄ ወርቂቱ ልጅ ይዟል። ልጁ የት ይተኛል፣ መንገድ ላይ?» አባቴ ልጅ መምጣቱን የሰማው ያን ጊዜ ነው። አጣሂር ደግሞ የሚስቱን መስመር ሲያጠፋ «ስሚ ሲትና፣ ይሄ ለሕፃን ነው። እንደኔ ረጅም ቢሆንስ? እግሩ የት ይሄዳል?» ብሎ ነበር። ሰሊጡ በቀረው ቦታ ላይ ጣሪያ እስኪነካ ይደረደር ነበር። መተንፈስ አለመተንፈሱን አላውቅም፤ አጣሂር ግን አንድም ቀን ሲያነሳው አልሰማሁም።

ያን ቀን እየሳቅኩም እያለቀስኩም እትዬ ሲትና ጋ ሮጥኩና አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። «አንተ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ዛሬ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ቤት መንደፍ። መኪናዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጆንያ አመድ አለ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ይስቁብኛል፤ ትንሽ ቆይተው ባልና ሚስት በሌለ ጓዳ ውስጥ ሲጨቃጨቁ እኔ እስቃለሁ። ያየሁት ጨዋታ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ጨዋታ አልነበረም ብል ደግሞ መዋሸት ይሆንብኛል፤ እንደዚያ ሲጫወቱ ዳግም አላየኋቸውም።

እስካለፈው ወር ድረስ ማለቴ ነው። ሁለቱም ቤት ሞልቷል። ገመቹ አድጎ እግሩ ከአልጋው ይተርፋል፤ ሪም አግብታ ከባሏ ጋር ከወላጆቿ ዘንድ ናት። ስለዚህ ከላይ አንድ ፎቅ እንጨምር ተባለና ንድፉ ለኔ ተሰጠ። የላይኛውን ፎቅ በአመድ ግቢው ላይ አወረድኩት። ሁሉም ገብተው ወጡበት፤ አጣሂር በልማዱ ከምንም በታች ጎንበስ አለ። እናቴ በሁሉም ተስማማች፣ ከእነ ሪም መኝታ ጋር ከሚዋሰነው በረንዳዋ በቀር። «ዕድሜ ልኬን መሬት ላይ ኖሬያለሁ፤ አሁን ከላይ ሆኜ መንገዱን ላይበት ነው። በረንዳዬን የነካ ወዮለት!» ብላ እጆቿን ዘርግታ መሐሉ ቆመች።

በማግስቱ ማልጄ ስወጣ መስመሩ ቦታው ላይ የለም። የእናቴ በረንዳ ጠቧል፤ የእነ ሪም መኝታ ሰፍቷል። እናቴ ማንጎው ሥር ቆማለች፣ እጇን ከኋላዋ ደብቃ።

«ማን ነካው?» አልኳት።

«ዶሮ ይሆናል» አለች።

ዶሮ ካረባን ስንት ዘመናችን! ዞር ስል ሪም በራፋቸው ላይ ተቀምጣ ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ትበላለች፣ በማለዳ፣ በባዶ ሆዷ። ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀችው እኔ አውቃለሁ።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አለችኝ፣ ቀድማ እየሳቀች።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁና መንደሩ እስኪሰማ ለቀቅኩት። «ኑ! ኑ! እማዬ መስመር አጠፋች!»

አባቴ አንድ ጫማ አድርጎ ወጣ። እትዬ ሲትና ልጇን አየች፣ መስመሩን አየች፣ ወርቂቱን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እልልታውን ግን ያን ቀን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሪም ተከተለችኝ፣ እናቶቻችን ተቀበሉን። አባቴ ግን መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አነሣና መስመሩን በጫማው ያጠፋ ጀመር።

«ዳበሳ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለችው እናቴ።

«ይሄ ለሕፃን ነው» አላት። «እንደ አያቱ ረጅም ቢሆንስ?»